«ወራጅ አለ!» ያለው ሰው የት ይውረድ?

ሰኞ ጠዋት፣ ደሴ ፒያሳ። ለእናቴ የግፊት መድኃኒት ልገዛ መኪናዋን ፋርማሲው ደጃፍ ጥግ አስያዝኳትና ሮጬ ገባሁ። ሞተሩን አላጠፋሁም። አራቱንም ፍሬቻ አብርቻለሁ። ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ብቆይ ነው። ስወጣ ትራፊኩ ወረቀቱን አውጥቶ ታርጋዬን እየጻፈ ነው።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ቆምኩ እንጂ አላቆምኩም» አልኩት።

«እሺ። ሾፌሩ የታለ?»

ሾፌሩ ፋርማሲ ውስጥ ወረፋ ይዞ ነበር። ተቀጣሁ።

ያን ቀን ተናድጄ ነበር። አድሮ ሳስበው ግን ሰውዬው ልክ ነው። የመንገድ ዳር ሕግ ግማሹ የተንጠለጠለው በአንዲት ፊደል ላይ ነው፤ በ«መ» እና በ«ማ»። መቆም አለ፣ ማቆም አለ። መቆም ማለት ሰው ለማውረድ፣ ለመጫን ወይም ዕቃ ለማቀበል ለአፍታ ገታ ብሎ መሄድ ነው። ማቆም ማለት መኪናውን እዚያው ትቶ ወደ ጉዳይ መሄድ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሰዓት መያዝ አያስፈልግም። «ተነሳ!» ቢባል ወዲያው የሚያነሳው ሰው መሪው ላይ አለ ወይ? ከሌለ መኪናው ለአፍታ የቆመ ሳይሆን ቆሞ የተተወ ነው።

ሞተር አለማጥፋቴ እንዲያውም ጥፋቴን አባሰው እንጂ አላቀለለውም። ሾፌር የሌለበት፣ ሞተሩ የሚሠራ መኪና በደሴ ቁልቁለት ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት ነው። አራት ፍሬቻ ደግሞ «ችግር ገጥሞኛል፣ ተጠንቀቁ» ማለት ነው። እኛ አገር ግን «መጣሁ፣ አንድ ጊዜ» የሚል ትርጉም ሰጥተነዋል። ሕጉ ይህን ትርጉም አያውቀውም።

ምልክቶቹም ይህንኑ ልዩነት ነው የሚያሳዩት። ቀይ ጠርዝ ያለው ሰማያዊ ክብ ላይ አንድ ሰያፍ ቀይ መስመር ካያችሁ ማቆም ክልክል ነው፤ ተሳፋሪ አውርዶ መሄድ ግን ይቻላል። መስመሩ ሁለት ሆኖ እንደ «ኤክስ» ከተጠላለፈ መቆምም ማቆምም ክልክል ነው። ለ«ወራጅ አለ!» እንኳን ቦታ የለም ማለት ነው። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ሁላችንም ተምረነዋል፤ ፈተናውን ባለፍን ማግስት ግን ረስተነዋል።

ምልክት የማይጠብቁ ቦታዎችም አሉ። የእግረኛ ማቋረጫ (ዜብራ) ላይ፣ መስቀለኛ መንገድ አፍ ላይ፣ ድልድይ ላይ፣ ኩርባ ላይ፣ የሰው ግቢ በር ላይ፣ የሆስፒታል መግቢያ ላይ አይቆምም። ከቆመ መኪና ጎን ደርቦ ማቆምም እንዲሁ። እነዚህ ቀለም ተቀባ አልተቀባ ክልክል ናቸው። ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ በእጁ ካዘዘ ደግሞ የእሱ እጅ ከምልክቱም ከመብራቱም ይበልጣል።

ሕጉ ሁለት ፎቅ አለው። የታችኛው ፎቅ ለአገሩ ሁሉ አንድ የሆነው የፌዴራሉ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ነው። በ2003 ዓ.ም. በቁጥር 208 ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። እሱ ስለ ሾፌሩ ነው የሚያወራው። የላይኛው ፎቅ የከተማው ነው፦ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ጎን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ለማን? ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ፎቅ ላይ ነው።

አንድ አስፋልት ስንቱን ይሸከም?

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሀል ተጨምቃ የተዘረጋች ከተማ ናት። ወደ ጎን ልስፋ ብትል ተራራው አያሰፋትም። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መጥቶ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት የሚወጣው አገር አቋራጭ መንገድ ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ የሚያልፈው በመሀሏ ነው። አገር አቋራጩ አውቶቡስ፣ ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ፣ ተማሪ ያጨቀው ባጃጅ፣ ሙሽራ የያዘው ያበበ መኪና፣ ሁሉም እዚያው ነው። ሰኞ ገበያ ሲጨመርበት ደግሞ ከገጠር የመጣው ሰውና አህያው አለ።

ስለዚህ የመንገዱ ጠርዝ ውድ ነው። ምን ያህል ውድ እንደሆነ በቀላል ሂሳብ እንየው። አንድ የቤት መኪና ጥግ ይዞ ለመቆም 6 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ያቺ 6 ሜትር ላይ አንድ ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ካቆመ፣ በቀን የተጠቀመባት አንድ ሰው ነው። በየ20 ደቂቃው ብትለቀቅ 30 መኪና ይስተናገድባታል። ሰው ለማውረድና ለመጫን ብቻ ብትሆንና እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ 300 ይሆናል። ያውም ባጃጅ ከሆነ ርዝመቱ ከ3 ሜትር ስለሚያንስ ሁለት ይገባባታል። እንግዲህ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በሰው ማዕረግ አይደለም፣ በደቂቃ ነው።

ይህን ሂሳብ ለነጋዴ ስትነግሩት መጀመሪያ ይቆጣል። «ደንበኛዬ የት ያቁም?» ይላል። እኔም ከተቀጣሁ በኋላ ለፋርማሲው ሰው ይህንኑ አማርሬለት ነበር። እሱም ከእኔ ብሶ፣ ቦታ የለም፣ ደንበኛ ሸሸ፣ ከተማው ገደለን አለ። እያወራን ዓይኔ ደጃፉ ላይ ወደቆመችው ነጭ ቪትዝ ሄደ። አቧራ ለብሳለች። ከጠዋት ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም። የማን እንደሆነች ጠየቅኩት። የእሱ ናት።

አትሳቁበት፤ ይህ ደሴ የተፈለሰፈ ጠባይ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኦክላሆማ ሲቲ የሚባል ከተማ በ1935 እ.ኤ.አ. በዓለም የመጀመሪያውን የፓርኪንግ ሳንቲም መቀበያ የተከለው በዚሁ ምክንያት ነው። የመሀል ከተማው ጥግ ቀኑን ሙሉ የሚያዘው እዚያው በሚሠሩ ሰዎች መኪና ነበር። ገበያተኛው ዞሮ ዞሮ ይሄዳል። በሰዓት አምስት ሳንቲም ክፈሉ ሲባል ጥግ ይዞ የሚውለው ጠፋ፣ ቦታው መለቀቅ ጀመረ፣ ነጋዴውም ወደደው። ዋናው ነገር ገንዘቡ አልነበረም። መኪናው መነሳቱ ነበር።

እኛ ዘንድ በማኅበር የተደራጁ ልጆች ደረሰኝ ቆርጠው የሚያስከፍሉት የፓርኪንግ ሂሳብም ከዚሁ ነው የሚመዘዘው። ለአንድ ሰዓትም ለአንድ ቀንም የሚከፈለው ተቀራራቢ ከሆነ ግን መኪና አያስነሳም። ክፍያው ከሰዓቱ ጋር መውጣት አለበት። ያለበለዚያ ደረሰኙ የመዋያ ፈቃድ ነው የሚሆነው።

አይሱዙው ለምን ሁለት ሰዓት ይቆማል?

ወደ ጭነት እንምጣ፤ ትልቁ ራስ ምታት እሱ ነውና። ሱቅ ያለ ዕቃ አይሠራም፣ ዕቃ ያለ መኪና አይመጣም። ስለዚህ ጭነት መኪናን «ከመሀል ከተማ ውጣ» ብሎ መጨረስ አይቻልም። ቦታና ሰዓት መስጠት ነው ያለው።

ሂሳብ እንሥራ። 50 ኩንታል ስኳር የጫነ አይሱዙ መጣ እንበል። በ50 ኪሎ ከረጢት 100 ከረጢት ነው። አራት ጫኝና አውራጅ ቢኖሩ ለእያንዳንዳቸው 25 ከረጢት ይደርሳቸዋል። አንዱን አድርሶ ለመመለስ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ በ25 ደቂቃ ያልቃል። ይድከሙ፣ ይረፉ፣ ውሃ ይጠጡ፣ 40 ደቂቃ በሉት። መኪናው ግን ሁለት ሰዓት ይቆማል። የቀረው ሰዓት የት ገባ?

የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ሰው አልመጣም። የማውረጃ ዋጋ ላይ ክርክር አለ። ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥርና የወረደው አልገጠመም። ሾፌሩ ቁርስ ሊበላ ሄዷል። አያችሁ፣ መንገዱን የሚዘጋው ከረጢት ማውረዱ አይደለም። ማውረድ ያልጀመረ መኪና ነው። የጭነት ማውረጃ ቦታ ሕግ ዋና ፍሬው እዚህ ላይ ነው፦ ቦታው የሚሰጠው ለመኪናው ሳይሆን ለሥራው ነው። ዕቃ እየወረደ ከሆነ ቁም። ካልሆነ ተነሳ፣ ሲዘጋጁ ትመጣለህ።

እኛ ጋ አንድ አቋራጭ መንገድ ያለ ይመስላል። የለመድነው ታርጋችን ራሱ ይናገራል፦ ቀይ ኮድ 1 ታክሲ፣ ሰማያዊ ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴ ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁር ኮድ 4 የመንግሥት። «እዚህ ኮድ 3 ብቻ ይቁም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ግን እንዳትሸወዱ። የባለ ሱቁ ፒክአፕም ኮድ 3 ነው። ባዶውን ቀኑን ሙሉ ይቆምና ዕቃ የጫነው አይሱዙ ደርቦ ያራግፋል። ታርጋ ብቻ አይበቃም፤ ደቂቃም ያስፈልጋል።

የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ ይህን በቀለም ነው የፈታው። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ቀይ ከተቀባ መቆም የለም። ቢጫ ከሆነ ዕቃ ወይም ሰው ለመጫንና ለማውረድ ነው፣ ያውም በተወሰነ ደቂቃ። ነጭ ሰው ለማውረድና ለመጫን ነው። አረንጓዴ ለአጭር ጊዜ ማቆሚያ፣ ሰማያዊ ለአካል ጉዳተኞች። አንድ ሰው ማንበብ ባይችል እንኳን ቀለሙን ያያል። ለደሴ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ቀለሙ ይቆያል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ በየዓመቱ ካልተቀባ በሁለተኛው ክረምት ማን ለማን እንደሆነ አይለይም።

ሰዓቱም የራሱ ጣጣ አለው። «ከ2 እስከ 4 ሰዓት ጭነት ማውረድ ይቻላል» ብላችሁ ሰሌዳ ብትሰቅሉ፣ የከተማው ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ይላል። ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚቆጥርለት ሾፌር ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ጨለማ ሲመጣም ያው ቁጥር ይመለሳል። ስለዚህ ሰሌዳው «ጠዋት» ወይም «ማታ» የምትል ቃል ካልያዘ ሁለቱም ወገን ልክ ነኝ ብሎ ይጣላል። ገበያ ቀንም መጻፍ አለበት። ለሐሙስ የተስማማ ሰዓት ለሰኞ አይስማማም። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት መስጊድ አካባቢ ያለውን ሁኔታም የሚያውቅ ያውቃል።

ሌሊት ይውረድ የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ ከባድ ጭነት መኪኖችን ቀን ላይ በሰዓት ገድባለች። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ግን ወጪው አይጠፋም፣ ይዛወራል እንጂ። ሌሊት ሱቅ የሚከፍት ሰው፣ ጥበቃ፣ የሌሊት ሒሳብ የሚጠይቅ አውራጅ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ ያስፈልጋል። ለትልቅ ጅምላ አከፋፋይ ያዋጣል። ለአንዲት ኪዮስክ አያዋጣም። እኔን ብትጠይቁኝ ሱቆች ከመከፈታቸው በፊት ያለው የማለዳ ሰዓት ይሻላል።

የስልክ ባጃጅ

አሁን ወደ ተሳፋሪ። እዚህ ጋ የምንቀላቅላቸው ሁለት ነገሮች አሉ፦ ተራና ፌርማታ። ፌርማታ ማለት አውርዶ ጭኖ መሄድ ነው። ተራ ማለት እስኪሞላ መጠበቅ ነው። ሚኒባስ «ሸዋ በር! ሸዋ በር! አንድ ሰው!» እያለ ሩብ ሰዓት ከቆመ እሱ ተራ ይዟል። አንድ ሰው ሲል ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም፤ ያንን ታውቁታላችሁ። ተራ ሰፊና ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ፌርማታ ግን ጠባብ ይበቃዋል፣ የሚፈልገው ባዶ መሆን ብቻ ነው። ባጃጆች ፌርማታውን ተራ ሲያደርጉት «ወራጅ አለ!» ያለው ሰው አስፋልቱ መሀል ላይ ይወርዳል።

አዲስ አበባ በአፕሊኬሽን የሚጠራ ታክሲ ከለመደች ቆየች፤ ራይድና ፈረስ ስማቸው ለሁሉም የታወቀ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የስልክ ባጃጅ አለ። የታመነ ልጅ ቁጥሩን ትይዛላችሁ፣ ትደውላላችሁ፣ ይመጣል። ቴክኖሎጂው ቢለያይም የመንገድ ዳር ችግሩ አንድ ነው። መሳፈሩ 20 ሰከንድ አይፈጅም። ጊዜውን የሚበላው መፈላለጉ ነው። «የት ነህ?» «ባንኩ ጋ።» «የትኛው ባንክ?» ፒያሳ ላይ ባንክ የሌለበት የት አለና! እስክትገናኙ ባጃጁ ቆሟል፣ ከኋላው አውቶቡስ ጥሩንባ እየነፋ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ በ2017 እ.ኤ.አ. የሞከረው መፍትሔ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ዱፖንት ሰርክል አጠገብ የመዝናኛ ቤቶች የበዙበት ጎዳና አለ። ማታ ማታ በስልክ የተጠሩ መኪኖች መሀል መንገድ ላይ እየቆሙ ሰው ይጭኑ ነበር። ከተማው ከሐሙስ እስከ እሑድ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ድረስ ጥጉ ላይ ማቆም ከለከለና ቦታውን ለመጫኛና ማውረጃ ብቻ አደረገው። ቀን ላይ ያው ጥግ ፓርኪንግ ሆኖ ይቀጥላል። ግንብ አልተገነባም፣ አስፋልት አልሰፋም። የተለወጠው ሰሌዳው ነው።

እስከዚያው ግን ተሳፋሪው ራሱ ማቅለል ይችላል። ከመደወላችሁ በፊት ውረዱ። ዋናው መንገድ ላይ ሳይሆን ገባ ብላችሁ የውስጥ መንገዱ ላይ ጠብቁ። ባንክ ሳይሆን አንድ ብቻ የሆነ ነገር ንገሩት። ሂሳቡን ዝርዝሩን አዘጋጁ። በ100 ብር ኖት መልስ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ የሚዞር ባጃጅ ነጂ፣ መኪናው ሕጋዊ ቦታ ላይ ቆሞም ቢሆን ጥግ ዘግቷል።

ቁልፉን ለማን ሰጣችሁት?

በውጭ ከተሞች ቫሌት የሚባል አገልግሎት አለ። ሆቴል ደጃፍ ትደርሳላችሁ፣ ልጁ ቁልፍ ተቀብሎ ትኬት ይሰጣችኋል፣ መኪናውን ወስዶ ያቆማል። ብዙ ከተሞች ለዚህ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ደጃፉ ላይ የሚሰጠውም ለመቀባበያ የሚሆን ጥቂት ቦታ ነው። መኪናውን ግን ከመንገድ ውጪ ያለ ግቢ ውስጥ ማቆም አለበት። ከሆቴሉ ደጃፍ አንስቶ ጎረቤት ደጃፍ መደርደር ቫሌት አይባልም።

እኛ ጋ ቫሌት የሚል ሰሌዳ ብርቅ ነው። ሥራው ግን አለ። ጥር ላይ ሰርግ ሲደራረብ የአዳራሹ ጥበቃ «ቁልፉን ተወው አባዬ፣ እኔ አስጠጋታለሁ» ይላል። ላቫጆ ያሉ ልጆችም ቁልፍ ይቀበላሉ። ብዙዎቻችን ሳናስብ እንሰጣለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 ግን እንዲህ ያለ ነገር ይላል፦ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። ነፃ የሚወጣው መኪናው በዚያን ጊዜ የተሰረቀ መሆኑን ካስረዳ ነው። በእጃችሁ የሰጣችሁት ቁልፍ ደግሞ ስርቆት ነው ለማለት ይከብዳል። ስለዚህ ያ ልጅ መኪናችሁን ሲያዞር እግረኛ ቢገጭ፣ ተጎጂው ወደ ባለቤቱ ነው የሚመጣው። እናንተ ኋላ ልጁን ወይም አሠሪውን ልትጠይቁ ትችላላችሁ፤ ያ ሌላ ክስ ነው። መንጃ ፈቃዱን ማየት አያሳፍርም። ከሁሉም ይልቅ ራሳችሁ አቁሙት።

የአደራ ጉዳይም አለ። ሕጉ አደራን እንደ ውል ነው የሚያየው። ቁልፍ ተቀብሎ ትኬት የሰጠ ሰው ዕቃችሁን ሊጠብቅ ገብቷል። መንገድ ዳር የፓርኪንግ ደረሰኝ የቆረጠላችሁ ግን ቁልፍ አልተቀበለም፤ ቦታ ነው የሸጠላችሁ። መስታወት ቢሰበር ክርክሩ እንደየጉዳዩ ነውና «ደረሰኝ አለኝ» ብሎ መተማመን አይበቃም።

አንድ ነገር ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቦታ መያዣ። ድንጋይ፣ የተቃጠለ ጎማ፣ ጀሪካን፣ አንዳንዴም ወንበር ከነሰውዬው። ሱቁ የእኔ ስለሆነ ደጃፉም የእኔ ነው የሚል እምነት ሥር ሰድዷል። አስፋልቱ ግን የማንም የግል አይደለም። ለአንድ ሱቅ ደጃፍ የተለየ ቦታ ሊሰጥ የሚችለው ከተማው ነው፣ ያውም በሰሌዳ። ጀሪካን ሰሌዳ አይደለም።

ኮምቦልቻ ሌላ ነች። ሜዳዋ ሰፊ ነው፣ ችግሯ ግን ረጅም ነው፤ ተሳቢ! ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው፣ ወደ ደረቅ ወደቡ የሚገባው፣ ከፋብሪካ የሚወጣው ሁሉ አንድ ቦታ ያርፋል። ሾፌሩ ምሳ መብላት አለበት፣ መተኛትም አለበት። ይህ ማረፍ ነው እንጂ ጭነት ማውረድ አይደለም፤ በደቂቃ ሰሌዳ አይፈታም። ግቢ ይፈልጋል፦ መብራት፣ ጥበቃ፣ መጸዳጃ ያለው። ያ ሳይኖር «እዚህ አትቁም» ብቻ ከተባለ ተሳቢው ሁለት መቶ ሜትር ይርቅና ኩርባው ላይ ይቆማል።

ስለ ዳገት ሳልናገር ብተው ደሴዎች ይታዘቡኛል። ቁልቁል ስታቆሙ የፊት ጎማውን ወደ ጠርዙ አዙሩት። ሽቅብ ከሆነና የእግረኛው መንገድ ከፍ ያለ ጠርዝ ካለው ከጠርዙ አርቃችሁ አዙሩት፤ ወደ ኋላ ቢንሸራተት ጎማው ጠርዙ ላይ ይደገፋል። ጠርዝ ከሌለ ወደ መንገዱ ዳር። የእጅ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ከዚያ ጎማ ሥር የሚገባው ማገጃ፣ ታኮ። ጭነት መኪና ከሆነ ታኮ ሳይገባ የኋላው በር እንዳይከፈት፤ ዳገት ላይ ዕቃው መጀመሪያ የሚወርደው በሰው ላይ ነው። ጉም ሲወርድ ደግሞ፣ ሐረጎ ላይ በተለይ፣ ጥግ መያዝ ብቻውን አያድንም፤ ከአስፋልቱ ጨርሶ መውጣት ነው።

ታኮ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛ ሰፈር አንድ አይሱዙ ባለፈው ሳምንት ሲሚንቶ አራግፎ ሲሄድ ለታኮ ያስገባውን ድንጋይ አስፋልቱ ላይ ትቶት ሄደ። ማንም አላነሳውም። በማግስቱ ሳልፍ ድንጋዩ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ጥግ ተጠግቷል፣ ኖራም ተቀብቷል። አጠገቡ ያለው ባለ ሱቅ ቦታ ይዞበታል።